የጋሼ ደብተር ስልክ ውስጥ ሲገባ

ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ሱቄ መጡ። ሱቄ ሽሮ ሜዳ ናት፤ ከሐበሻ ልብስ ገበያው አለፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለች ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የተማሪ ሥራ አትማለሁ። ጋሼ አራተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል።

በፌስታል የጠቀለሉትን ሦስት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ «ልጄ፣ ይኼን ሰው እንዲያነበው እፈልጋለሁ። አሁን ሰው የሚያነበው የት ነው?» አሉኝ።

ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ስለ ትምህርት፣ ስለ ሠርግ ወጪ፣ ስለ ጎረቤትነት፣ ስለ ዕድር የጻፉት ሐሳብ ነው። ድሮ ለጋዜጣ በፖስታ ይልኩ ነበር። ሁለቱ ወጥተውላቸዋል፤ ቆርጠው ደብተሩ ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። «ወጣልኝ፣ ደስ አለኝ። ግን ያነበበው ሰው ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉ። ሥራውን እንድጀምር ያደረገኝ ይኸው ንግግራቸው ነው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ጽሑፉ ብሎግ ላይም ቴሌግራም ላይም ይወጣል። ብሎጉ መደርደሪያ ይሁን፣ ቴሌግራሙ ደጃፍ። ሰው ደጃፍ ላይ ያወራል፤ የፈለገ ገብቶ መደርደሪያውን ያያል። የምንሠራውን እየመዘገብኩ ልሄድ ነው፤ ለእናት ለአባቱ ወይም ለመምህሩ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሰው ይጠቀምበት።

ሰኞ ጥቅምት 10

ጋሼ ፍላሽም አላቸው። ከሃያ ዓመት በፊት የወንድማቸው ልጅ የተየበላቸው ዐሥራ አንድ ጽሑፍ አለበት። ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ነጥብ የተጣለባቸው የላቲን ፊደሎች፣ የገንዘብ ምልክት፣ ቅንፍ፣ ቁጥር፤ ሁሉም ተደባልቆ ተዘርግፏል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አዩት። «ጠፋ ማለት ነው?» አሉ። ድምፃቸው ሲወርድ ልቤ ተነካ።

አልጠፋም። በዚያን ጊዜ ብዙው የአማርኛ ፎንት ፊደላችንን የላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ ሀን ወይም ለን ይሥላል። ፎንቱ ከሌለ ሥዕሉ ይቀርና ወንበሩ ብቻ ይታያል። ያ ወንበር ደግሞ ከነርባታው ለሚቆጠረው ፊደላችን ስለማይበቃ አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ይገጣጠም ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ፊደሎች የቁጥር መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ያገኘው። ዛሬ ስልክ ላይ የምንጽፈው በዚያ ነው።

መቀየሪያ ፕሮግራም ሞከርኩ። ብዙውን መለሰው፤ ግን ቋን ቀ እያደረገ፣ አራት ነጥቡን እየዋጠ ነው። አንዱን ገጽ ለማረም አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ያንኑ ገጽ ከደብተሩ እያየሁ ስተይበው ሃያ አምስት። እንግዲህ ሁሉንም እንደ አዲስ እተይበዋለሁ። ቤቱ እንዲህ ያለ አሮጌ ፋይል ያለው ሰው፣ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ሳይበላሽ ወረቀት ላይ አትሞ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

ረቡዕ ጥቅምት 12

እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሱቁ ድረስ መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው። ቁጭ አላሉም።

«ዞን ዘጠኝ የተባሉትን ልጆች ረሳሻቸው?» አሉኝ።

አልረሳኋቸውም። በ2004 ዓ.ም. በአማርኛ መጦመር ሲጀምሩ ተማሪ ነበርኩ፤ አነባቸው ነበር። ስሙን የወሰዱት ከቃሊቲ ወኅኒ ቤት ነው። ወኅኒ ቤቱ ስምንት ዞን አለው፤ ዘጠነኛው እኛ ያለንበት ውጭው ነው ለማለት። በሚያዝያ 2006 ስድስቱ ጦማሪዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። በሐምሌ 2007 ከዘጠኙ አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፣ በጥቅምት 2008 የቀሩት ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ሐሳብን መጻፍ በዚህ አገር ያስከፈለውን ዋጋ እትዬ ያውቁታል፤ ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በሰኔ 2010 ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾች ሲከፈቱ ደስታውንም አብረን አይተናል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲዘጋም አብረን ነበርን።

ስለዚህ አይዞዎት ብቻ ብዬ አልሸኘኋቸውም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አትሜ ከጋሼ ጋር ከሰዓት በኋላ አነበብነው። ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመሩ ነው የሚያነቡት፣ እንደ ፈተና ወረቀት። አዋጁ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻ ወይም ጥቃት መቀስቀስን ይከለክላል። የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ደግሞ ጥቆማ ሲደርሳቸው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠይቃል። ሰዓቷን ለራሳችን ወሰድናት። በእኛ ቻናል ሥር ሰው የሚሰድብ አስተያየት ከተጻፈ በ24 ሰዓት ውስጥ አነሣዋለሁ፤ ሐሳቡን የሚቃወም ግን ምንም ያህል ቢመር አይነካም።

ጋሼ የጨመሩት ደንብ ከአዋጁ ይልቅ ጠበቅ ያለ ነው። «ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ላነብለት የማልደፍረውን አልጽፍም» አሉ። እትዬን ያረጋጋቸውም ይኸው ይመስለኛል። ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፍኩት።

ቅዳሜ ጥቅምት 15

የስልክ ትምህርት። ጋሼ እኔ እየተየብኩላቸው ብቻ እንዲቀጥል አልፈለጉም፤ ለአስተያየት ራሳቸው መመለስ አለባቸው።

የጫንኩላቸው ኪቦርድ ፊደሉ ሲነካ ሰባቱን ርባታ ከላይ ይደረድራል። ጣታቸው ሰፊ ነው፣ ስልኩ ትንሽ፤ ራብዑን ሲሉ ኃምስ ይመጣል። ስልኩን አግድም አዙረው ሲይዙት ፊደሉ ሰፋ አለላቸው፣ ከዚያ በኋላ ቀና። የመጀመሪያውን ርእስ ራሳቸው ጻፉት፤ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ፦ «ዕድራችን ለሕያውም ይድረስ»። ዐይኑ ዕ እና ሐመሩ ሐ በቦታቸው ናቸው። እሳቸው አራተኛ ክፍል ሳለን «ፊደል ዘር አለው» እያሉ ያስጽፉን የነበረው ትዝ አለኝ።

እዚህ ላይ ግን ተከራከርን። ሙከራ ጽሑፉን ቻናሉ ላይ አስቀምጬ በአልፋው አ «እድር» ብዬ ስፈልግ አላገኘውም። ለሰው ጆሮ አንድ የሆነው ዕ እና እ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ፀሐይ የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ፣ በሁለቱ ጸዎችና ድምፃቸው አንድ በሆነው ስድስት የሀ ቅርጾች ብናባዛው ዐሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። አብዛኛው ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈው «እድር» ብሎ ነው። እንግዲያው ጽሑፉን እንዴት ያግኘው?

«ስታስተምሪው ያገኘዋል። አብረሽው አትሳሳቺ» አሉ።

«ጋሼ፣ እንዲማር እኮ መጀመሪያ መምጣት አለበት» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቡናቸውን ጨረሱ። ከዚያ ጽሑፉ ውስጥ ሳይሆን ከግርጌ፣ ሃሽታጉ ላይ፣ ሁለቱም እንዲገባ ፈቀዱ። በትክክለኛው ይቀድማል፣ የተለመደው ይከተላል። ከዛሬ ጀምሮ የምናወጣው ሁሉ እንደዚያ ነው።

ማክሰኞ ጥቅምት 18

ልክ ስለካ ዋልኩ። የጋሼ የዕድር ጽሑፍ ተተይቦ ሲያልቅ ከ6,000 ፊደል በላይ ሆነ። ቴሌግራም አንድ መልእክት ላይ የሚቀበለው 4,096 ነው፤ ፎቶ ሥር ከሆነ ደግሞ 1,024 ብቻ። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ 280 ቢባልም አንድ የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጠር የሚደርሰን 140 ገደማ ነው፤ እሱን ተውነው። ለሁለት ቆርጬ ላውጣው ስል ጋሼ እምቢ አሉ። «ግማሹን ያነበበ ግማሽ ሰው ነው የሚያደርገኝ።» ራሳቸው በእስክሪብቶ እየሰረዙ ወደ 3,900 አወረዱት። ሙሉው ብሎጉ ላይ ተቀመጠ።

ሐሳቡ ባጭሩ ይኸ ነው። ዕድራችን በየወሩ ያዋጣል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ይወጣል፣ ለቤተሰቡ ብር ይሰጣል። ያው ሰው ከመሞቱ በፊት ስድስት ወር አልጋ ላይ ሲተኛ ግን ዕድሩ አያውቀውም። ከእያንዳንዱ አባል መዋጮ ላይ 10 ብር እየተነሣ የታማሚ ሣጥን ይኑር ይላሉ። አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ የታመመ የሚረዱ ዕድሮች አሉ። እኛ ሰፈር የለም። ጋሼ ይኼን ያሰቡት የግድግዳ ጎረቤታቸው ለመድኃኒት የሚሆን ብር አጥቶ የሞተ ዕለት፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ነው። የተሰበሰበውን የዕዝን ምግብ እያዩ። ያን አንቀጽ ሲሰርዙት ደግሜ አስገባሁት፤ ጽሑፉን የሚያቆመው እሱ ነው።

እሑድ ጥቅምት 23

ከቅዳሴ በኋላ ለቀቅነው። ቻናሉ 41 ሰው ነው ያለው፤ አብዛኛው የጋሼ ተማሪ የነበረ። ከቻናሉ ጋር የውይይት ግሩፕ አያይዤበታለሁ፤ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር አስተያየት መስጫ የሚከፈተው በዚያ ነው።

እስከ ማታ ድረስ ስድስት አስተያየት መጣ። አራቱ «እናመሰግናለን መምህር» ናቸው። አንዱ፣ ታሞ የሚያስመስል ሰው እንዴት ይለያል የሚል ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደኛው ከሪያድ ነው፣ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፦ «የእናቴን የዕድር መዋጮ በየወሩ የምልከው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ስትታመም ሐኪም ቤት የከፈልኩትም እኔው ነኝ። ዕድሩ የሚያውቃት ስትሞት ከሆነ እኔ የምልከው ለምን እንደሆነ ዛሬ ነው ያሰብኩት።»

ጋሼ ይህን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ራሳቸው መለሱላት፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ። ስልኩን ሲመልሱልኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ ቢጫ ወረቀት ስንት ዓመት ሲጠብቅ የኖረው መልስ ነው የመጣላቸው።

ሰኞ ጥቅምት 24

በድምፅም ቀዳን። ሐሳቡ የመጣው ከጎን ካለው የሸማኔ ቤት ነው። እጃቸው ላይ መወርወሪያ፣ እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ፤ ሲሠሩ ሬዲዮ ነው የሚሰሙት። ማን ስልክ ይዞ ያነብላቸዋል?

መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ ቀዳሁት፤ የፎቶ ኮፒው ማሽን ድምፅ ገባበት። ጋሼ ቤት ሄድን፣ ጓዳ ገብተን በሩ ላይ ብርድ ልብስ አንጠለጠልን። ሲያነቡ የመምህር ድምፃቸው መጣ፤ ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ፣ አራት ነጥብ ላይ ቆም። ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።

ማታ ሸማኔዎቹ ቤት አልፌ ስሄድ የጋሼ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፣ የመወርወሪያው ቀጭ ቀጭም ከሥሩ። ቆሜ ሰማሁ። አንዱ «ልክ ነዋ!» ሲል ሌላው «ብሩን ማን ይይዘዋል?» ይላል። ከቻናሉ አስተያየት ይልቅ እዚያ ያለው ክርክር የበሰለ ነበር። ከዛሬ በኋላ ድምፅ ያልተቀዳለት ጽሑፍ አናወጣም።

ሐሙስ ጥቅምት 27

ክፉ ቀን። የመድኃኔ ዓለም ንግሥ ስለነበር ሱቅ አልከፈትኩም፤ ጋሼ ቤት ስደርስ እትዬ በር ላይ ቆመው ነበር። የዕድሩ ዳኛ ደውለው ጮኸዋል። «ሬሳ ያለ ድንኳን ይቀበር ብለህ ጻፍክ አሉ፤ አንተ ሰው እኔ አላምንም ነበር፣ በዐይኔ አየሁት» ብለዋቸዋል።

ስህተቱ የእኔ ነው። ከጽሑፉ አንድ ዐረፍተ ነገር መርጬ በትልቅ ፊደል ካርድ ሠርቼ ነበር፣ ሰው እንዲያጋራው። ዐረፍተ ነገሩ ይኸ ነው፦ «ድንኳኑ ይቅር አላልኩም፤ ከድንኳኑ በፊት አልጋው አጠገብ እንድረስ ነው ያልኩት።» ካርዱ ላይ ፊደሉ ስለተለቀ የመጀመሪያው መስመር «ድንኳኑ ይቅር» ላይ አለቀ፤ «አላልኩም» ሁለተኛው መስመር ላይ ወረደ። ሰው ሲያጋራው ሥዕሉ ከታች ተቆርጦ በትንሹ ይታያል። የሚታየው «ድንኳኑ ይቅር»፣ ከላይ ደግሞ የጋሼ ስም።

ያን ቁራጭ አንዱ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ የሰፈር ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ከሌሊቱ እስከ ጠዋት ዞረ።

አማርኛ ፍርዱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ማድረጉም አለማድረጉም ማሰሪያው ግስ ላይ ነው የሚታወቀው። እንደ እንግሊዝኛ ባለ ቋንቋ የተቆረጠ ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ጎደሎ ይሆናል፤ የእኛ ሲቆረጥ ተቃራኒውን ሊናገር ይችላል። ይኼን በየቀኑ የምተይብ ሰው ነኝ፣ ማወቅ ነበረብኝ። ለጋሼ ይቅርታ ስጠይቅ ድምፄ አልወጣም።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። «ካርዱን አንሺው፣ ግን እንዳነሣሽውና ለምን እንዳነሣሽው ጻፊ። ጽሑፉ አይነካ። አሁን ነጠላሽን ልበሽ፣ ሰውየው ቤት እንሄዳለን» አሉኝ።

እርማቱን ከነቀኑ ከነሰዓቱ ጽፌ ቻናሉ አናት ላይ ሰካሁት። ካርዱን የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ መስመሩ የት ላይ እንደተሰበረ፣ ሙሉው ዐረፍተ ነገር ምን እንደሚል። ቁራጩ የዞረበት ግሩፕ ላይም ያንኑ ለጠፍኩ። ከዚያ ጽሑፉን በትልቅ ፊደል አትሜ ሄድን።

ዳኛው በር ላይ ሲያዩን ፊታቸው አልተፈታም፤ ግን «ግቡ» አሉ፤ እንግዳ አይመለስም። ጋሼ ቁጭ እንዳሉ «ላንብብልህ» አሏቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡላቸው። የደብተሩ ሽፋን ላይ የጻፍኩት ደንብ እዚህ ሲፈጸም አየሁት። ጎረቤታቸው የሞተበት አንቀጽ ጋ ሲደርሱ ዳኛው አንገታቸውን ደፉ፤ ሟቹ የእሳቸውም አብሮ አደግ ነው።

ሲያበቃ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «አልስማማም» አሉ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሒሳቡ አይሄድም። ሞት ቀጠሮ የለውም፤ በአንድ ወር ሦስት ሰው ሲሞት ሣጥናችን ምን እንደሚሆን አንተ አታውቅም፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ሕመም ደግሞ ማለቂያ የለውም።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ይኼን ጻፊ» አሉኝ።

ዓርብ ኅዳር 5

የዳኛው መልስ ዛሬ ወጣ። እሳቸው ቴሌግራም ላይ አይጽፉም፤ ሁለት ቀን ማታ ማታ ቤታቸው ሄጄ እየተናገሩ ተየብኩ። ከአስተያየቶቹ መሐል አልወሸቅሁትም፣ ራሱን ችሎ ቻናሉ ላይ ነው የወጣው። ርእስ አለው፣ በድምፃቸው ተቀድቷል፣ ብሎጉ ላይም የራሱ ገጽ አለው። ጋሼ ያዘዙት እንዲሁ ነበር፤ «የእኔ በወጣበት ልክ ይውጣ፣ አንድ ፊደል አታሳንሺ።» ዳኛው ሦስት ነገር ይላሉ። ለታማሚ የሚሰጠው ከላይ ገደብ ይኑረው፣ የሐኪም ወረቀት ይቅረብ፣ ለቀብር የሚቀመጠው መጠባበቂያ አይነካ።

ከጋሼ ጽሑፍ ይልቅ ብዙ ሰው ያየው ይኼኛውን ነው። ቻናሉ 214 ደረሰ። ታሞ የሚያስመስለውስ እንዴት ይለያል ብሎ የጠየቀው ልጅ «መልሴን አገኘሁ» ብሎ ጻፈ።

ካርድ መሥራት አላቆምኩም፤ ደንብ ግን አወጣሁለት። ማሰሪያ ግሱ ብቻውን ወደ ታች አይወርድም። ቃሉ ከበዛ ዐረፍተ ነገሩ ይቀየራል እንጂ መስመር አይሰበርም። ከማውጣቴ በፊት የሥዕሉን የታችኛውን ግማሽ በእጄ ሸፍኜ የቀረውን አነበዋለሁ።

ዓርብ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ጭስ በጭስ ነው፣ ሱቁ ውስጥ ድረስ ገብቷል። ጋሼ በ1911 ዓ.ም. ስለነበረው የኅዳር በሽታ አጭር ጽሑፍ ከስልካቸው ራሳቸው አወጡ፤ አያታቸው ይነግሯቸው የነበረውን፣ ቀባሪ ጠፍቶ ሰው ሰውን መቅበር ያቃተውን ጊዜ። እኔን አላስነበቡኝም። አንድ ግድፈት የለበትም።

ማክሰኞ ኅዳር 16

የዕድሩ ስብሰባ እሑድ ነው፤ ጉዳዩ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል። የዕድሩ ጸሐፊ ለአባላቱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲላክ ጠየቁኝ፤ ግማሹ አባል የሚይዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው።

አጭር መልእክት በላቲን 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲሆን 70 ብቻ። ካለፈ ሁለት ይሆናል፣ ሒሳቡም የሁለት። ጸሐፊው ያመጡት 91 ነበር፣ ግማሹ ሰላምታ። አጠርነው፦ «እሑድ 3 ሰዓት የዕድር ስብሰባ አለ። የታማሚ እርዳታ ጉዳይ ይነሣል። ሐሳብዎን ይዘው ይምጡ።» ከነክፍተቱ 58። ጸሐፊው ሰላምታ የሌለው መልእክት ነውር ነው አሉ። «ጤና ይስጥልኝ።» ብለን ከፊት ብንጨምርበት ከነክፍተቱ 68 ሆነ፤ ከ70 አላለፈም። ደስታችን!

ጡሩምባ ነፊውም እንዲዞሩ ተስማማን። እስከ ዛሬ የሚዞሩት ለለቅሶ ነው፤ ንጋት ላይ ጡሩምባ ሲሰማ ሰው ማን ሞተ ብሎ ነው የሚወጣው። እንዳይደነግጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ጡሩምባ፣ በአፍ ብቻ ይናገሩ ተባለ።

እሑድ ኅዳር 21

ሁለቱንም ጽሑፍ፣ የጋሼንና የዳኛውን፣ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ 60 ኮፒ አትሜ ወሰድኩ። ኅዳጉን ሰፊ አድርጌ ተውኩት፣ ሰው በእጁ እንዲጽፍበት። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ገጽ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲሰበር የሚቀረው ይኼ ነው፤ የ2015ቱን አምስት ወር ያየ ሰው ወረቀት አይንቅም።

ድንኳኑ ውስጥ ነው የተሰበሰብነው፤ ራሱ የተከራከርንበት ድንኳን። ጋሼ አነበቡ፣ ዳኛው አነበቡ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ክርክር። የሪያዷን ልጅ አስተያየት ስሟን ሳልጠራ እኔ አነበብኩት፤ ሴቶቹ በኩል ጸጥ አለ። አልተወሰነም። አምስት ሰው ተመርጦ የሦስት ዓመቱን ሒሳብ አይቶ ጥር ላይ ይመለስ ተባለ። ጋሼ ከአምስቱ አንዱ ናቸው፣ ሸማኔዎቹ ቤት «ብሩን ማን ይይዘዋል?» ያለው ሰውዬም።

ከ60ው ወረቀት 37ቱ ኅዳጉ ላይ ተጽፎበት ተመለሰ። በእስክሪብቶ፣ በእርሳስ፣ አንዱ በከሰል።

ሰኞ ኅዳር 22

ወረቀቶቹን ብሎጉ ላይ እያስገባሁ ነው። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ያነቡልኛል፣ እኔ እተይባለሁ። አንዱ ላይ የልጅ እጅ ጽሑፍ አለ፦ «አያቴ ማንበብ አትችልም። እኔ አነበብኩላት። እንዲህ በል አለችኝ፤ እድሩ ስታመም ቢመጣ እኔም ስሞት አላፍርም።»

በአልፋው እ ነው የተጻፈው። እጄን ኪቦርዱ ላይ አቆምኩና ወደ ጋሼ ዞርኩ፤ ቀዩ እስክሪብቶ እጃቸው ላይ ነው።

«እንዳለ አስገቢው» አሉ።

ዐሥራ ሁለት ገብቷል፣ ሃያ አምስት ይቀራል።